ዲንቂን ማን ያቁመው

ሱሉልታ
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኦቦ ጌዲ፣ መናገሻ

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። ዝም ያልኩት ንቄዎት አይደለም፤ ለጠየቁኝ ነገር የሚሆን መልስ አጥቼ ነው። ወንዲ ከእናንተ አገር ድርቆሽ ጭኖ በመጣ ቁጥር «ሽማግሌው መልስ የለም ወይ ብለዋል» እያለ ያፋጥጠኛል። አሁንም አራግፎ ጨርሶ መኪናውን አስነስቷል፤ ጡሩምባውን እየነፋብኝ ነው። ልደውልልዎ እንዳልል ጆሮዬ ስልክ አይሰማም ብለውኛል። ስለዚህ ጽሑፌ ቢወላገድ ይቅር ይበሉኝ።

አዎ፣ የሰሙት እውነት ነው። በጥቅምቱ ውድድር ላይ ዲንቂ ይዞኝ ጠፍቷል። የመጀመሪያውን መሰናክል ሳላዘው ዘለለው፣ ሁለተኛውን በደረቱ ይዞት ሄደ፣ ሦስተኛውን ከነጭራሹ አላየውም። ከዚያ የሜዳውን ገመድ አልፎ የተመልካች መኪና የቆመበት ገባ። ሰው አልተጎዳም። የአንድ ሰውዬ ስፖኪዮ ግን ተሰብሯል።

የሚጋልበው ማን ነው ላሉት፣ እኔ ነኝ። ሰብሪያ እባላለሁ። ያደግኩት ቡራዩ ነው፤ አባቴ የህያ እዚያው የጨርቅ ሱቅ አለው። እዚህ ክለብ ውስጥ ፈረስ አሰለጥናለሁ፣ በመሰናክል ዝላይም እወዳደራለሁ። አባቴ ይህን ሥራ አይለውም። «ልጄ ፈረስ ታንሸራሽራለች» ነው የሚለው ለሰው።

ዲንቂ ፈሪ አይደለም፣ ሰነፍም አይደለም። ችግሩ መውደዱ ነው። የተጋደመ እንጨት ሲያይ ከኮርቻው ላይ ሰው መኖሩን ይረሳል። ከእርስዎ የገዙት የክለባችን ባለቤት ወይዘሮ ኤዶም ባለ ሰንሰለት ልጓም አስገቡበት፤ አፉ ደማ እንጂ አልቆመም። አሁን ደግሞ ቀን ቆርጠዋል። ከፋሲካ በኋላ በሚደረገው ውድድር ላይ በሥርዓት ካልዘለለ ገላን ለሚገኝ ሰው ለጋሪ ይሸጡታል፤ ሰውዬውን አነጋግረውታል። እኔ ይህን ፈረስ ለጋሪ አልሰጥም። ግን የምሰጠውም የምከለክለውም እኔ አይደለሁም።

እባክዎ ይንገሩኝ፤ እርስዎ እንዴት ነበር የሚያቆሙት?

ሰብሪያ


መናገሻ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሪት ሰብሪያ የህያ
ሱሉልታ

ጉዳዩ፦ ፈረስ ስለማቆም

አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ? እንደምን አለሽ፣ ልጄ? እኔ ደህና ነኝ። ከላይ ጉዳዩ ብዬ መጻፌ አያስቅሽ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ቀበሌ ውስጥ ደብዳቤ በመጻፍ ነው፤ ጉዳዩ ካላልኩ እጄ አይንቀሳቀስም። ባለቤቴን ለጋብቻ ስጠይቃትም ጉዳዩ ብዬ ነው የጻፍኩላት፤ ነፍሷን ይማርና እስክትሞት ድረስ ስትስቅብኝ ኖራለች።

እንዴት ታቆመው ነበር ላልሽኝ፣ አላቆመውም ነበር። ለምን ብዬ? ጉግስ ላይ የሚቆም ፈረስ ምን ይሠራል? ሜዳው ሲያልቅ ይቆማል። ሜዳው ካላለቀ አይቆምም። እኛ ስንሮጥ እንጂ ስንቆም ያጨበጨበልን ሰው አልነበረም።

ሰንሰለቱን ግን ዛሬውኑ አውጪለት። ጉግስ ሲጀመር ፈረሱን ከመስመሩ ላይ ጠበቅ አድርገን እንይዘዋለን፣ ከዚያ እንለቀዋለን። ለልጁ፣ ለፈረስሽ፣ የጠበቀ ዛብ ማለት «ተዘጋጅ» ማለት ነው። አንቺ «ቁም» ብለሽ ስትጎትቺው እሱ «ደረሰ» ብሎ ይሰማል። ስለዚህ መጎተቱን ተዪ። ተዪው ስልሽ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ፈረስ ሲሸሽ ዛብ የማይጎትት ሰው አላየሁም፣ እኔንም ጨምሮ።

ለምን ሸጥከው ብትዪኝ ደግሞ፣ ጉልበቴ እርካብ አልረግጥም ስላለ ነው። ሳይጋለብ ጋጣ ውስጥ ቆሞ ግድግዳ ሲመታ ማየት አልቻልኩም። ሌላው ቢቀር ይሮጥ ብዬ ነው። ለጋሪ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ሰበታ ገዢ ሞልቷል።

ወንዲን ባዶ እጁን አትስደጂው። መልስ ካልጻፍሽ እኔ አስፋልቱ ዳር ቆሜ እቀራለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ጌዲ
ግልባጭ፦ ለማንም አይሰጥ


ሱሉልታ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኦቦ ጌዲ፣

ነጋ ነዎት? ሰላም ነዎት? እኔ በጣም ደህና ነኝ። የጽሑፌን ነገር አይጠይቁኝ፤ ልጅ የጻፈው ቢመስልዎም እኔ ነኝ።

ሰንሰለቱን አወጣሁት። ወይዘሮ ኤዶም ለጊዜው አልሰሙም፤ ሲሰሙ ደግሞ «የሚሆነውን እናያለን» አሉኝና ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውኝ ሄዱ። መሰናክሉን በሙሉ አንስቼ እንጨቶቹን መሬት ላይ ዘረጋኋቸው። በእርምጃ ብቻ ነው የምናልፋቸው። ሲቸኩል ወደ እንጨቱ አልወስደውም፤ ክብ አዞረዋለሁ። ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ እንዞራለን፣ ከዚያ እናልፋለን፣ ካለፍን በኋላ ቀጥ ብለን እንቆማለን። አንዳንድ ቀን እንጨቱን ጭራሽ አላሳየውም። ወደ ከተማው ወርደን ባጃጅ መሀል እንሄዳለን፣ ገበያተኛ እናሳልፋለን፣ እንመለሳለን። መጠበቅ የሚባል ነገር ያናድደዋል። እኔንም ያናድደኛል። ሁለታችንም እየተንቆራጠጥን ነው የምንሠራው።

ባለፈው ሳምንት መጀመሪያ ወይዘሮ ኤዶም መጥተው አጥሩን ተደግፈው አዩንና «ዘላይ ፈረስ ሰጥቼሽ ዘበኛ አደረግሽልኝ» አሉ። ባልደረቦቼ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ እንደሄዱ ግን እንደገና ክብ አዞርኩት።

በእርምጃ ይረጋል። በሶምሶማም ይረጋል። እንጨቱን ትንሽ ከፍ አድርጌ በሰውነቱ ውስጥ ያለችውን እሳት ልፈትን ስል ግን ያው ነው፤ ከእንጨቱ ፊት ስደርስ ሽምጥ ይጋልባል። ባለፈው ሐሙስ እንዲህ ሲሆን ትንሽ ነገር ተፈጥሮ ነበር። የሚወራ አይደለም። ወንዲ ቢያወራልዎም አይመኑት፤ ወሬ ያካብዳል።

ሰብሪያ


መናገሻ
ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሪት ሰብሪያ የህያ
ሱሉልታ

ጉዳዩ፦ ስለተደበቀ ትከሻ

ወንዲ አላካበደም። በእጁ እያሳየ ነው የነገረኝ፤ ለደንቆሮ ሰው በእጅ ሲነገር ደግሞ ማካበድ አይቻልም። ትከሻሽ ወልቆ ሐኪም እንደመለሰው፣ በግራ እጅሽ እንደምትጽፊ፣ አባትሽም ሆስፒታል መጥቶ በሰው ፊት እንዳለቀሰ ሰማሁ። ትንሽ ነገር የምትዪው ይህን ከሆነ ትልቁን አያሳየኝ።

ተቆጥቻለሁ። አንቺን ነው እሱን ነው አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቤ አልተቀመጠም። ጠዋት ተነስቼ ባዶ ጋጣ እጠርጋለሁ፣ ከዚያ አስፋልቱ ዳር ወጥቼ የወንዲን መኪና እጠብቃለሁ፣ የማይመጣበት ቀን መሆኑን እያወቅሁ። የሰፈሩ ሰው ሲያልፍ እስከ ዛሬ በልጁ ስም ነው የሚጠራኝ፤ አባ እገሌ ይለኛል፣ በኛ አገር ሰው በፈረሱ ነውና የሚጠራው። አልሰማቸውም፤ ከከንፈራቸው ግን አውቀዋለሁ።

አሁን ጥያቄዬን መልሺ። መሬት ላይ ካለ እንጨት ፊት የሚረጋ ፈረስ፣ እንጨቱ ስንዝር ከፍ ሲል የሚያብደው ለምንድን ነው? አንድ ነገር ታደርጊያለሽ። ያቺን ነገር አንቺም አታውቂያትም። ከመዝለልሽ በፊት እጅሽ የት እንዳለ፣ ወገብሽ ምን እንደሚሆን፣ እግርሽ ምን እንደሚነካ አንድ በአንድ ጻፊልኝ። እንደ ቃለ ጉባኤ ጻፊው፤ ምንም ሳታስቀሪ።

ትከሻሽ ሳይድን ደግሞ አትውጪበት። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት የወይዘሮዋ ነው ብለሻል፣ የአንቺ እንዳይሆን።

ጌዲ


ሱሉልታ
መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኦቦ ጌዲ፣

ሁዳዴው እንዴት ይዞዎታል? ዘንድሮ አብረን እየጾምን ነው፤ እርስዎ በሽሮ እኔ ያለ ውኃ። ሐኪሙ ሳምንታት ጠብቂ ብሎኝ ነበር፣ ትዕግሥቴ የፈቀደልኝን ያህል ጠብቄያለሁ። ከዚያ በላይ አይጠይቁኝ።

ረመዳን ከገባ ጀምሮ ነገሩ ተለውጧል። ሲርበኝ መቸኮል አልችልም። ትከሻዬም መጎተት አይፈቅድልኝም። ዛቡን በጣቴ ብቻ ይዤ፣ ትንፋሼን እየቆጠብኩ እቀመጣለሁ፤ እሱም አብሮኝ ይረጋል። አባቴ አንድ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ መጥቶ አየን። ሲሄድ ፈረሱ ግንባር ላይ እጁን አሳርፎ ነው የሄደው።

ቃለ ጉባኤውን ይኸው። ወደ መሰናክሉ ከመሄዴ በፊት ክብ እዞራለሁ፣ ይረጋል። ወገቤን ቀጥ አደርጋለሁ፣ ይረጋል። ዛቡን ለቀቅ አደርጋለሁ፣ ይረጋል። ወደ እንጨቱ አቀናዋለሁ። ያኔ ጆሮዎቹ ይቆማሉ፣ ሰውነቱ ይሞቃል፣ ግን ገና አልሄደም። እኔም እንዲረጋጋ ጎንበስ ብዬ ጋማውን እየዳበስኩ በቀስታ «ዲንቂ፣ ዲንቂዬ» እለዋለሁ። ልክ በዚያች ሰዓት ይሄዳል። ባባበልኩት ቁጥር ይብሳል። ከዚህ በላይ ልስላሴ ከየት ላምጣ? ፋሲካ እየደረሰ ነው፤ የገላኑ ሰውዬ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ጥርሱን ከፍቶ አይቷል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ከከፋዎት ይተዉት። ደብዳቤዎችዎን ደግሜ አነበብኳቸው። «ልጁ» ይላሉ፣ «እሱ» ይላሉ፣ «አባ እገሌ» ይላሉ። ስሙን አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፉም። ስለሸጡት ሆድ ብሶዎት ነው?

ሰብሪያ


መናገሻ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሪት ሰብሪያ የህያ
ሱሉልታ

ጉዳዩ፦ በጣም አስቸኳይ

ስሙን አትጥሪው።

የኛ ሰፈር ልጅ ዛሬ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ ወንዲን ሳልጠብቅ በእሱ ልኬዋለሁ። በእግሩም ቢሆን እንዲያደርስልሽ አስምዬዋለሁ።

በኛ አገር የፈረስ ስም ለመጥሪያ አይደለም። ጋጣ ውስጥ ልጄ እንለዋለን፣ ውኃ ስናጠጣው ና እንለዋለን፣ ስንቆጣው ደግሞ የምንለው አይጻፍም። ስሙ የሚነገረው ጉግስ ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ሰውዬው ኮርቻው ላይ ተደላድሎ፣ ባላንጣው ከፊት ሲመጣ፣ ጎንበስ ብሎ ጋማውን ይዞ ጆሮው ላይ ስሙን ይነግረዋል። ፈረሱም ይሄዳል። ከውርንጭላነቱ ጀምሮ እኔ በትክክል ያስተማርኩት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ለዚህ ነው በወረቀት ላይ እንኳ እጄ የማይሄድልኝ። የሰፈሩ ሰው እኔን በስሙ የሚጠራኝም እሱ በሌለበት ነው።

አንቺ ጎንበስ ብለሽ፣ ጋማውን ይዘሽ፣ ስሙን ነገርሽው። እሱም ታዘዘሽ። ኢንታላ ኮ፣ እኛ የማይታዘዝ ፈረስ ነው ስንል የከረምነው ልጅ አንድም ቀን ሳይታዘዝሽ አልቀረም። መኪና መሀል የገባውም ታዞ ነው። ትከሻሽን ያወለቀውም ታዞ ነው።

ደብቄሽ አይደለም። ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው የፈረሱን ስም ለማባበያ ያወጣዋል ብሎ ማን ያስባል? ለወይዘሮዋ ስሙን የነገርኳት ለውል ወረቀቱ ብላ ስለጠየቀችኝ ነው።

 ደብዳቤዬ መድረሱን ቶሎ አሳውቂኝ።

ጌዲ


ሱሉልታ
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኦቦ ጌዲ፣

ደርሶኛል። መድረሱን በወንዲ አሳውቄዎት ነበር፤ የሰፈርዎ ልጅ ከታክሲ ወርዶ ሮጦ ነው የመጣው፤ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ጋጣ ገብቼ ከልጁ አጠገብ ድርቆሽ ላይ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ፈለግሁ፤ በምን ብዬ እንደምጠራው ጠፋኝ።

ዒድ እንዴት አለፈ ቢሉኝ፣ ጥሩ ነበር፤ የአባቴን ሱቅ ጥዬ ስላልሄድኩ ተመርቄያለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን እዚህ ነኝ። ነገሩ በአንድ ቀን አልተቃናም። እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ ያስቸገርኩት። አፌ ለምዷል። ጆሮዎቹ ሲቆሙ ስሙ ከንፈሬ ላይ ይመጣል፣ እነክሰዋለሁ። በምትኩ መንዙማ አንጎራጉራለሁ። እሱም ገና ሦስተኛው መሰናክል ላይ ሲደርስ ይቸኩላል፤ ልማድ ነው። ሲቸኩል እንዞራለን፣ ከዚያ እንደገና። ባለፈው ሳምንት ግን ሁሉንም መሰናክል በደንገላሳ ዘሎ፣ ሳልጎትተው፣ ቁጭ ስል ቆመ። ቆሞም ዞር ብሎ አየኝ። ምን ይጠብቅ እንደነበር አላውቅም።

ጋጣው ውስጥ ያሉትን ሁሉ ስሙን ኮርቻ ላይ ሆናችሁ እንዳታነሱ ብያቸዋለሁ። ጥንቆላ ጀምራለች እየተባልኩ ነው። ለወይዘሮ ኤዶምም ነገርኳቸው፤ «ፈረስ ስሙን አያውቅም» ብለው አለፉኝ።

ውድድሩ ሚያዝያ 19 ነው፣ ከፋሲካዎ ሳምንት በኋላ። ይመጣሉ? ወንዲ ያመጣዎታል። አክስቶቼ ከቡራዩ ሚኒባስ ሞልተው ይመጣሉ፤ እልል ማለት ይፈቀዳል፣ ስሙን መጥራት ክልክል ነው ብዬ አስምያቸዋለሁ። የሚሸጥና የማይሸጥ መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ቀን ነው። ብቻዬን ባልሆን ደስ ይለኛል።

ሰብሪያ


መናገሻ
ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሪት ሰብሪያ የህያ
ሱሉልታ

ጉዳዩ፦ መጥቼ ስለመመለሴ

መጥቼ ነበር። ከመኪናዎቹ ጋር ቆሜ አየሁሽ።

ለምን ሰላም ሳትለኝ ሄድክ ብለሽ በወንዲ ልከሽብኛል፤ እመልሳለሁ። ልጁ በእርምጃ ገባ። ሜዳ ሲያይ መሬት የማይነካ የነበረው ልጅ እግሩን እየመረጠ ያስቀምጣል። አንድም እንጨት አልወደቀም። ሰዓቱ አልፎባታል፣ አራተኛ ናት ብሎ ወንዲ በእጁ ነግሮኛል፤ እኔ ግን ከእንጨቶቹ በቀር ያየሁት ነገር የለም። ስትጨርሱ ቆመ። ሜዳው ሳያልቅ ቆመ።

ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር ያውቃል ደስ አለኝ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። እኔ ስጋልበው ስንት ዓመት ያላየሁትን ነገር አንቺ አወጣሽበት። ቀናሁብሽ፣ ኢንታላ ኮ። በዚህ ዕድሜ ቅናት ያሳፍራል፤ ጽፌዋለሁ፣ አልደብቅሽም። ሰው ደግሞ ከብቦሽ ነበር። ሁሉም አፉን ያንቀሳቅሳል፣ እኔ አልሰማም፤ መሀላቸው ገብቼ እንደ ምሰሶ መቆም አልፈለግሁም።

ወይዘሮዋ እጅሽን ስትጨብጥሽ አይቻለሁ። ስለ ጋሪው ምን አለች? ይህን ብቻ ቶሎ ንገሪኝ።

ጌዲ


ሱሉልታ
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኦቦ ጌዲ፣

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት።

ለጋሪ አይሸጥም። ወይዘሮ ኤዶም በአፋቸው ነግረውኛል። እንኳን ደስ አለን። የሚሸጠው ለሌላ ሰው ነው።

ሚርያም ትባላለች። ገላን ውስጥ መጋዘን አላት፣ ከጎኑ ሜዳ አሳጥራ ፈረስ መጋለብ ጀምራለች። ከእኔ ትበልጣለች፣ የልጆች እናት ናት፣ ደግ ሴት ናት። ልጠላት ሞክሬ አልቻልኩም። በውድድሩ ቀን እንዴት እንደቆመ አይታ ነው የፈለገችው። «እንዲህ ያለ ጨዋ ፈረስ ነው የምፈልገው» አለች። ኦቦ ጌዲ፣ ሳይገራ ቢቀር ይሸጥ ነበር፤ ስለተገራም ተሸጠ። እንዳይሄድብኝ ብዬ የለፋሁት ልፋት ነው ገዢ ያመጣበት።

ውሉ የሙከራ ነው። እስከ ሰኔ ካልተስማማት ትመልሰዋለች። ከተመለሰ ደግሞ ወይዘሮ ኤዶም ከእንግዲህ አልሸጠውም፣ አንቺው ተወዳደሪበት ብለውኛል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ሁለት ጊዜ መጥታ በእርምጃ ጋልባዋለች፤ ዛቡን ይዤ አጠገባቸው ሆኜ ፈረሱን የማነጋግረው እኔ ስለነበርኩ ስሙ አልተነሳም። የጋጣው በር ላይ ስሙን አንብባ «እንዴት ደስ የሚል ስም ነው» አለችኝ። ፈረሶቿን በስም እየጠራች የምታቆላምጥ ሴት ናት። እስካሁን ምንም አልነገርኳትም። ለምን እንዳልነገርኳት ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ይጫናል። ምን ላድርግ?

ሰብሪያ


መናገሻ
ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሪት ሰብሪያ የህያ
ሱሉልታ

ጉዳዩ፦ ዝም ስለማለት

ዝም በይ።

ጽፌ ቀደድኩ፣ ጽፌ ቀደድኩ፣ ዞሮ ዞሮ የምልሽ ይኸው ነው። አንድ ቀን ስሙን ትጠራዋለች፣ ይዟት ይሄዳል፣ ብትወድቅም ሣር ላይ ነው። አንቺስ ወድቀሽ የለም? ከዚያ በደንጋጣ ልቧ ትመልሰዋለች። አልዋሸሽ፣ አልሰረቅሽ። ያልተጠየቁትን አለመናገር በየትኛው መዝገብ ነው ወንጀል የሚሆነው?

ለልጁ ብቻ ብዬ እንዳይመስልሽ። ገላን ከሄደ ወንዲ ለእናንተ ድርቆሽ ቢያመላልስም የሚያመጣልኝ ወረቀት የለም። ሰው ለደንቆሮ ሽማግሌ ያለ ጉዳይ ደብዳቤ አይጽፍም። ልጁን ስሸጥ ጋጣዬ ባዶ ቀረ፣ ቻልኩት። አሁን ደግሞ አስፋልቱ ዳር ቆሜ የምጠብቀው ነገር ሊጠፋ ነው። ፈርቻለሁ።

አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።

ጌዲ


ቡራዩ
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኦቦ ጌዲ፣

አልቀደድኩትም። ከሌሎቹ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ያለ ጉዳይ አይጻፍም ያሉትን ግን አልቀበልም፤ ቅዳሜ ወንዲ ይመጣል፣ እኔም እጽፋለሁ፣ የሚጻፍ ባይኖር የአባቴን ሱቅ ዋጋ ንረት እጽፍልዎታለሁ። አሁን የምነግርዎትን ከሰው ሳይሰሙ ከእኔ ይስሙ ብዬ ነው ከቤት የምጽፈው።

እሁድ ጠዋት አይሱዙ ላይ ጫንነው። ብቻውን ስለሚንቆራጠጥ እኔም ከኋላ አብሬው ወጣሁ፤ ቀለበት መንገዱን ሁሉ አንገቱን አቅፌ ነው የሄድኩት። ምክርዎ ኪሴ ውስጥ ነበር። ዝም ልል ቆርጬ ነበር፣ በአላህ ስም እምልልዎታለሁ።

ገላን ስንደርስ ሚርያም በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ትንሹን ልጇን አቅፋለች። አስገባነው፣ ውኃ አጠጣነው። ከዚያ ልጇን ወደ ፈረሱ አስጠግታ አፍንጫውን እያስዳበሰች፣ ከነገ ጀምሮ ከፊቴ አስቀምጬው ሜዳውን እንዞራለን አለችኝ። ሕፃኑ ገና አፉን መፍታቱ ነው። ያን ጊዜ ነገርኳት። ጉግሱንም፣ ስሙንም፣ ትከሻዬንም፣ ሁሉንም ነገርኳት።

ሳቀች። ፈረሱ እንዳይሄድብሽ የፈጠርሽው ነው አለችኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ እያዘነችልኝ ነው። ስለዚህ ወጣሁበት። በልቤ ምን እንደነበረ ልንገርዎት። አይታ ትደነግጣለች፣ ዛሬውኑ መልሺው ትለኛለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እውነቱን ተናግሬም ፈረሴን ይዤ ልመለስ ነበር ያሰብኩት። ከሜዳው ዳር ጎንበስ ብዬ ስሙን ነገርኩት። ወጣ። አጥሩን ተከትሎ፣ የመጋዘኖቹን ግድግዳ አልፎ፣ ከመንገዱ በኩል የቆሙት የጭነት ሾፌሮች እስኪጮሁ ድረስ ሄደ። ምንም እንዳልቀነስኩበት ያን ጊዜ አየሁ፤ እርስዎም ቢያዩት ቅናትዎ ይለቅዎት ነበር። ከዚያ ወገቤን ቀጥ አድርጌ ቁጭ አልኩ፣ ቆመ። በእርምጃ መለስኩት።

ሚርያም ልጇን ለሠራተኛዋ ሰጥታ ቆማ ነበር። ፊቷ ወረቀት መስሏል። ቀስ ብላ መጥታ አንገቱን ያዘችና «ይህን ያህል የሚሰማ ፈረስ ከሆነ በጭራሽ አልመልሰውም» አለችኝ። ስሙንም አላነሳችም፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንተ ነው ያለችው። ልጇንም ከእንግዲህ እንደማታወጣበት ማለችልኝ።

እንግዲህ አለቀ። ኮርቻውን አስተካክዬ አወጣኋት። ዛብ እንዴት እንደምትይዝ አሳየኋት፣ ቶሎ ገባት። ሜዳው መሀል ትቻቸው ወደ በሩ ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ የእርምጃው ድምፅ ቆመ። ዞር ስል ልጁ ጆሮዎቹን አቁሞ እኔን ያያል። ሚርያም በእግሯ ነካ ነካ ታደርገዋለች፣ አይንቀሳቀስም። እሷን አልሰማትም፤ ከእኔ የሚሰማውን ነው የሚጠብቀው። ስሙ አፌ ላይ ነበር። አንዴ ብጠራው ይመጣ ነበር። እሷን ይዞም ቢሆን፣ ጥሏትም ቢሆን ይመጣ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ማንም አይገዛውም።

በሩን ከውጭ ዘጋሁት። ታክሲ ተራው ድረስ በእግሬ ሄጄ የቡራዩ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ ሒሳብ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ መኪናው ሞልቶ እስኪነሳ ድረስ አፌን በእጄ እንደያዝኩ ነበር።

ሰብሪያ